የአውጉስታ ቢጫ ባንዲራ፦ ከ18 ወራት በኋላ

አውጉስታ ላይ ከሚካሄደው የማስተርስ የጎልፍ ውድድር የገዛሁት የማስታወሻ ባንዲራ ግድግዳዬ ላይ ከወጣ 18 ወራት አለፉት። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር አይሞላም። መደቡ ቢጫ ነው፤ መሃሉ ላይ በአረንጓዴ መስመር የተከበበ የአሜሪካ ካርታ አለ፤ የጆርጂያ ግዛቷ አውጉስታ ከተማ በምትገኝበት ቦታ ደግሞ ቀይ ባንዲራ ያላት ዘንግ ተተክላለች። አትላንታ ወደሚገኘው ቤቴ ቡና ሊጠጡ የመጡ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አስተካክለው ሲመለከቱት ቆዩና «አረንጓዴውም አለ፣ ቢጫውም አለ፣ ቀዩም አለ። ማን ነው እንዲህ ያደባለቀብን?» አሉኝ። ከእሳቸው የተሻለ ግምገማ እኔም መጻፌን እጠራጠራለሁ።

የገዛሁት ኤፕሪል 8 ቀን 2024 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለማስተርስ ውድድር የልምምድ ቀን ትኬት በዕጣ ደርሶት ይዞኝ ሄደ። ስልክ ወደ ሜዳው ማስገባት ክልክል ስለሆነ መኪና ውስጥ ትተን ገባን፤ ስለዚህም የዚያን ዕለት አንድም ፎቶግራፍ የለኝም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በከፊል ስትጋረድ የውድድሩ አርማ የታተመበት መነጽር ታደለን፤ ተጫዋቹም ተመልካቹም አንጋጦ ሰማይ ሰማዩን ያይ ጀመር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚሸጠው ዝነኛው የአይብ ሳንድዊች አለፈኝ። ባልደረባዬ ሦስቱን በላ። ከምግብ የተረፈኝን ገንዘብ ይዤ ሱቅ ገባሁ።

ስለ ዕቃው ልናገር። ጨርቁ ስስ ሰው ሠራሽ ነው፤ አርማው ጥልፍ ሳይሆን ኅትመት ነው። እውነቱን ለመናገር ጥልፍ ጠብቄ ነበር። ኅትመቱ ግን እስካሁን አልተላጠም፣ አልተሰነጠቀም። ስፌቱም አንድ ክር አልመዘዘም። ችግሩ ቀለሙ ላይ ነው። መጀመሪያ ምዕራብ ከሚያየው መስኮት አጠገብ በአራት መርፌ ቁልፍ ሰቀልኩት። በአራተኛው ወር ሳወርደው ፀሐይ ያገኘው ጎን እንደ ቅቤ ገርጥቷል፤ መጋረጃው የሸፈነው ጎን የእንቁላል አስኳል እንደመሰለ ነው። ይህን የአምራቹ ጥፋት አልለውም፤ የእኔ ነው። የመታጠፊያው ምልክትም በቀላሉ አይለቅም። ካውያ በቀጥታ ማሳረፍ አደገኛ ነው፤ እኔ እርጥብ ፎጣ አልብሼ በዝቅተኛ ሙቀት ሁለት ጊዜ ካለፍኩበት በኋላ ነው የተቃና።

ከዚያ ፍሬም ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። ባለሙያው ባንዲራውን በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ካርቶን ላይ ለጠፈውና አስረከበኝ። በክረምቱ ማሞቂያ ሙጫው ለስልሶ ጨርቁ መሃሉ ላይ አበጠ። ሌላ ቦታ ሄጄ ሙጫው በጥንቃቄ ተነሥቶ፣ ጨርቁ በጥቂት ስፌት ካርቶኑ ላይ ተያዘ፤ ፀሐይ የሚከላከል መስታወትም ተገጠመለት። ሁለቱ ፍሬሞች ባንዲራው ከተገዛበት ዋጋ ብዙ እጥፍ አስወጡኝ። ዘንግ የሚገባበት የግራ ጠርዝ ወፍራም ስለሆነ በመስታወትና በጨርቁ መካከል ክፍተት ያለው ፍሬም ጠይቁ፤ ያለዚያ ጠርዙ መስታወቱን ይገፋል።

እንግዳ ሁሉ «ይህ ምንድን ነው?» ስለሚል ታሪኩን ማጥናት ግድ ሆነብኝ። ውድድሩ የሚካሄድበት ቦታ የችግኝ ማፍያ ነበር። በ1930 በአንድ ዓመት የዘመኑን አራት ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች አሸንፎ ከውድድር የተሰናበተው ቦቢ ጆንስ ከክሊፎርድ ሮበርትስ ጋር ሆኖ መሬቱን ወስዶ ክለቡን መሠረተ፤ አሊስተር ማኬንዚም ሜዳውን አብሮት ነደፈ። ኳስ የሚገባባቸው 18ቱ ቀዳዳዎች ዛሬም የሚጠሩት በዕፅዋት ስም ነው። የመጀመሪያው ውድድር በ1934 ተደርጎ ሆርተን ስሚዝ አሸነፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1943 እስከ 1945 ውድድሩ ሲቋረጥ ሜዳው ላይ ከብትና ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይረባ ነበር። ይህን ስናገር ከኢትዮጵያ የመጣ እንግዳ ሁሉ ፊቱ ይበራል፤ ያን የመሰለ ሣር ያለ ከብት ማየቱ ሳያስቆጨው አይቀርም።

ባንዲራው የማያሳየው ነገርም አለ። ለብዙ ዓመታት በዚያ ሜዳ ጥቁሮች የሚታዩት የሰው ቦርሳ ተሸክመው ነበር፤ እስከ 1982 ተጫዋቾች የክለቡን ካዲዎች (ቦርሳ ተሸካሚ ረዳቶች) መያዝ ግዴታቸው ነበር፣ ካዲዎቹም ጥቁሮች ነበሩ። ጥቁር ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድሩ የተሰለፈው በ1975 ነው፤ ሊ ኤልደር ይባላል። ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990፣ ሴቶችን ደግሞ በ2012 ነው። በ1997 የ21 ዓመቱ ታይገር ዉድስ በ12 ምት ልዩነት ሲያሸንፍ ኤልደር ሊያየው አውጉስታ ተገኝቶ ነበር። በ2021 ኤልደር ውድድሩን በክብር እንዲያስጀምር ተጋበዘ፤ አቅሙ ደክሞ ስለነበር ኳስ አልመታም፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጭብጨባውን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አረፈ። ይህን ሳወራ ቡናው ይበርዳል፤ ማንም ግን ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም።

በዚያው 2021 ሂደኪ ማትሱያማ ውድድሩን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ። ካዲው ሾታ ሃያፉጂ የ18ኛውን ቀዳዳ ባንዲራ ከዘንጉ ፈታ፤ የአሸናፊው ካዲ ለማስታወሻ የሚወስደው ነው። ከዚያም ባዶውን ዘንግ መልሶ ተክሎ፣ ኮፍያውን አውልቆ ለሜዳው እጅ ነሣ። የእኔ ባንዲራ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። አንድ ቀን እንኳ ነፋስ አልመታውም። ባንዲራዬ ላይ ያለው 2024 የሚለው ቁጥር የስኮቲ ሼፍለር ዓመት መሆኑን ይነግረኛል፤ እሱ በ4 ምት ልዩነት ሲያሸንፍ ግን እኔ ቤቴ በቴሌቪዥን ነበር ያየሁት።

ለማን ይሆናል? ቦታውን በእግሩ ለረገጠ ሰው ይሆናል። በኢንተርኔት ዋጋ ጨምሮ ከሚሸጥ ነጋዴ ግን አልገዛም፤ ፊርማ አለበት ከተባለማ ይብሱን እሸሻለሁ፤ ፊርማውን ማን እንደጻፈው በምን ይታወቃል? ልታስፈርሙ ካሰባችሁ ከፀሐይ የራቀ ቦታ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ከጨርቁ በፊት የሚጠፋው ቀለሙ ነው።

አሁን መስኮት በሌለው ኮሪደር ላይ ይገኛል። የገረጣውን ጎን ወደ መኝታ ቤቱ በር አዙሬዋለሁ፤ ከሳሎን ለሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚታየው አስኳል የመሰለው ነው።