ለቆየ የጉልበት ሕመም፦ የዲክሎፌናክ ክኒን ወይስ ቅባት?

የጉልበት ብግነት ወራት ሲያስቆጥር የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን እየወፈረ ይሄዳል፤ ከሱ የሚወጡት ኬሚካሎችም የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነውን ልም አጥንት ቀስ በቀስ ይበሉታል። ታዲያ የቱ ይሻላል?

ዋጋ፦ ክኒኑ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ምቾት፦ ክኒን ውጦ መሄድ ነው። ቅባቱን ግን በቀን ሦስት አራቴ መቀባት፣ እጅ መታጠብ አለ።

አደጋ፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ዲክሎፌናክ ብግነትን የሚያበርደው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ነው፤ ግን ጨጓራን ከአሲድ የሚጠብቀውም፣ ኩላሊት በቂ ደም እንዲያገኝ የሚያግዘውም እሱው ነው። ክኒኑ መላ ሰውነትን ስለሚያዳርስ ጨጓራ ሊያቆስል፣ ሊያደማ፣ ግፊት ሊጨምር ይችላል። አንድ ጉልበት ላይ ከተቀባ ቅባት ወደ ደም የሚገባው ግን ከክኒኑ 6 በመቶ ገደማ ነው። እባካችሁ፣ ያለ ሐኪም ለወራት ክኒን አትዋጡ!

ለጉልበትና ለእጅ ጣት፣ በተለይ በዕድሜ ለገፉና ጨጓራ ለሚያማቸው፣ ቅባቱ ይቅደም። ዳሌ ግን ጥልቅ ስለሆነ በደንብ አይደርስበትም። ብዙ መገጣጠሚያ አንድ ላይ ካመመ ክኒኑ ለአጭር ጊዜ ይሻላል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቻችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ካሉ ደግሞ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ሊሆን ይችላል፤ እሱን ሁለቱም አያቆሙትም፣ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።