ሲቪዬን ያቃናችልኝ ልጅ

ሰባት ወር ሙሉ ሲቪ ስበትን ከርሜ አንድም ሰው አልደወለልኝም። ባለፈው ሳምንት ተደወለ። ምስጋናው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ የጽሑፍና ኮፒ ቤት ለምትሠራ ልጅ ይድረስ።

የሄድኩት ፕሪንት ላስደርግ ብቻ ነበር። ከማተሟ በፊት አየት አደረገችውና «ወንድሜ፣ ይሄ አንተን ነው የሚያስተዋውቀው ወይስ የሥራ መደቡን?» አለችኝ። በአንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት ንብረት ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቼ የጻፍኩት ሦስት መስመር ነው። ሦስቱም «ሪስፖንሲብል ፎር» ብለው ይጀምራሉ። ዕቃ መረከብ፣ ማውጣት፣ መመዝገብ። ይሄን የማይሠራ ስቶር ኪፐር የት አለ?

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ስንት ዓይነት ዕቃ በእጅህ ነበር? ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ማን ይቆርጥ ነበር? ሞዴል 22ስ (የዕቃ ወጪው)? የሰኔ ቆጠራ ላይ ምን ተገኘ? እኔ እንደ ወሬ ሳወራ እሷ ትተይባለች። ስረከብ ቢን ካርዱና (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት) መደርደሪያው አይገናኙም ነበር። ወደ 400 ዓይነት መለዋወጫ አንድ በአንድ ቆጥሬ ካርዱን አስተካከልኩ። ቀጣዮቹን ሁለት የሰኔ 30 ቆጠራዎች ያለ ጉድለት ዘጋሁ። ይሄ ሲቪ ላይ ይጻፋል ብዬ አስቤም አላውቅ። እሷ የመጀመሪያው መስመር አደረገችው።

የበለጠ የወደድኩላት ግን ሌላ ነው። «ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩን) እችላለሁ ብለሽ ጨምሪልኝ» ስላት «አሁን ብከፍትልህ ትሠራበታለህ?» አለች። ዝም አልኩ። አልጻፈችውም። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬንም አስወጥታ ቀኖቹን አመሳከረች፤ ሲቪው ላይ በአንድ ወር ተዛንፈው ነበር። (ደብዳቤ ያልወሰዳችሁ ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጽፎ በነፃ እንዲሰጥ ያዛል።)

ቃለ መጠይቁ ላይ የጠየቁኝ ያንኑ የቆጠራ ነገር ነው። ሃያ ደቂቃ ስለ መለዋወጫ ለፈለፍኩ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም። ቤቱን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ጠዋት የኮፒ ወረፋ ስላለ ከ9 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ያኔ ፋታ አላት። ፋይሉን በቴሌግራም ላኩላት እንጂ ፍላሽ አትስጡ፤ የኮፒ ቤት ኮምፒውተር መቼም ቫይረስ አያጣም።