ጫት አይደለም፣ አቧራ ነው

ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። በበጋ ማታ ቤት ስገባ ዓይኔ በርበሬ መስሎ ነው። ተሳፋሪው በመስታወት አየት ያደርገኝና «አንተ፣ ሌሊቱን ስትቅም ነው እንዴ ያደርከው?» ይለኛል። ወሎ ውስጥ ዓይኑ የቀላ ሹፌር ሌላ ምክንያት የለውም!

እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ጠበቀችኝ። ላፍንጫ እሺ አልኳት፣ ለዓይን ግን አሻፈረኝ።

መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መቅላት የሚያጠፋ ጠብታ ሰጠኝ። ወዲያው ዓይኔ ወተት መሰለ። ከሰዓት በኋላ ግን ብሶበት ቀላ። ደገምኩ። በሁለት ሳምንት ያለ ጠብታ ከቤት መውጣት አቃተኝ። ደሴ ወጥቼ ለዓይን ሐኪም ስታይ ነው የገባኝ። ጠብታው የደም ሥሩን ያጠብባል እንጂ አቧራው ያመጣውን የዓይን ድርቀት አይነካም። ኃይሉ ሲያልቅ ሥሩ መልሶ ይሰፋል፣ ዓይን የባሰ ይቀላል።

ዶክተሯ «ያንን ተወው» ብለው ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማለትም ዓይን የሚያረጥብ ጠብታ፣ አዘዙልኝ። አሁን አንድ ወር ሆነኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያኛው ባንድ ጊዜ አያነጣም። መጀመሪያ ገንዘቤን የበላኝ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ግን አሸዋ የገባበት የሚመስለው ቆርቋሪ ስሜት ለቀቀኝ፣ መቅላቱም ቀስ እያለ ሄደ። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጌ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ትንሽ ጨፈን። የብልቃጡ አፍ ዓይን መንካት የለበትም። ከተከፈተ ወር ያለፈውን ጣሉት ብለውኛል፣ ግማሹ ሲደፋ ግን አንጀት ይበላል። ሌላው ጉድለቱ፣ ከጨመርኩ በኋላ ለትንሽ ደቂቃ ያደበዝዘኛል። ስለዚህ ተራ ላይ ቆሜ እንጂ ሰው ጭኜ አልሞክረውም። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ለሚፈልግ ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ዓይነት አለ፣ እሱ ግን ኪስ ይጎዳል።

ግማሹ ምስጋና ከመንገድ ዳር ለገዛሁት መነጽር ነው። አቧራውን እሱ ነው የሚመልስልኝ።

ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ጓደኛዬ «እኔም ልሞክረው» ሲለኝ ግን ከለከልኩት። ቢጫ ከጉበት ሊሆን ይችላል፣ ጠብታ ምን ያደርግለታል? ሕመም ወይ ብዥታ ያለበትም እንደዚሁ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ትናንት አንዲት እናት ሲወርዱ «ዛሬስ ተኝተህ አድረሃል» አሉኝ። አራት ሰዓት ብቻ ነበር የተኛሁት።