ዲ ወይስ ዲኤል? ቫይታሚን ኢ ስትገዙ

ሁለት የቫይታሚን ኢ ብልቃጦች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱም ላይ በትልቁ «400 ዩኒት» ይላል። አንዱ ግን ወደድ ይላል። ሻጩ «ያው ነው» ካላችሁ አትመኑት። ብልቃጡን አዙሩና ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡ። «ዲ-አልፋ» ነው ወይስ «ዲኤል-አልፋ»? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች «ኤል» ላይ ነው።

ዲ ከተክል ዘይት፣ ብዙ ጊዜ ከአኩሪ አተር የሚወጣው ነው። ዲኤል የፋብሪካ ሥራ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኢ በኬሚካል ስሙ ቶኮፌሮል ይባላል፤ «አልፋ» አንዱ ዓይነቱ ነው። ሞለኪውሉ ቀለበት የመሰለ ራስና ረጅም ጭራ አለው። ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሊዞር ይችላል። ተክል ሁሌም አንዱን መልክ ብቻ ይሠራል። ፋብሪካው 8ቱንም ቀላቅሎ ያወጣል። ጉበታችን ደግሞ መራጭ ነው። ጭራው ከራሱ ጋር የሚገናኝበት አቅጣጫ ካልጣመው ይዞ አያቆየውም። ከዲኤሉ ግማሹ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ባለው የአሜሪካ የመለያ ስሌት 400 ዩኒት ዲ 268 ሚሊግራም ነው፤ 400 ዩኒት ዲኤል ግን 180 ብቻ። ስለዚህ ዩኒቱን ተዉትና በሚሊግራም አስቡት። እኔ ዲኤሉ ከዲው ዋጋ ከሁለት ሦስተኛ በታች ከወረደ ያለ ሐሳብ እገዛዋለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ዲውን።

ስሙ መጨረሻ ላይ «አሲቴት» ካለ አትደንግጡ። መደርደሪያ ላይ እንዳይበላሽ የተደረገለት መሸፈኛ ነው። ስትውጡት አንጀት ይፈታዋል። ለፊት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ቆዳ እንደ አንጀት አድርጎ አይፈታውም። ለቅባት አሲቴት የሌለበትን እመርጣለሁ፣ ቶሎ ቢበላሽም።

«ቶኮትራይኖል» የሚሉ ውድ ብልቃጦችም አሉ። ቶኮትራይኖልም የቫይታሚን ኢ ዓይነት ነው፤ የሞለኪውሉ ጭራ ላይ ሦስት ድርብ ትስስር አለው፣ ልዩነቱ እሱ ነው። የዕለት ፍላጎታችን የሚቆጠረው ግን በአልፋ ቶኮፌሮል ብቻ ስለሆነ ለእነሱ ብር አላወጣም።

ለነገሩ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም ነው። ደካማው ዲኤል እንኳ የዚያን 12 እጥፍ ይዟል። የኑግ ዘይት ቶኮፌሮልም አብዛኛው አልፋ ነው፣ ያውም ዲው። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ ዲም ሆነ ዲኤል፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አንዱንም አትግዙ።