የድሮ ባለ ሽመና ወንበር ስትገዙ ሁሉንም ገልብጡ

ለሳሎናችሁ የድሮ ወንበር ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በመሃል አዲስ አበባ የድሮ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ሁለት እውነተኛ አሮጌ ወንበሮችን ከአራት አዲስ ቅጂዎች ጋር ቀላቅሎ፣ «ከአንድ ቤት የወጡ፣ የአንድ ዘመን ዕቃ ናቸው» በማለት ለጎረቤቴ በ108,000 ብር ሸጦላቸዋል። ስድስቱንም አንድ በአንድ ገልብጬ፣ በባትሪ እያበራሁ አይቻቸዋለሁ። የሱቁን ስም የማልጽፈው አቤቱታው ገና በመታየት ላይ ስለሆነ ነው። አሠራሩን ግን ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ ያው ነጋዴ ዛሬም እየሸጠ ነው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ገንዘቡ ከዕቁብ የደረሳቸው ነበር። ለልጃቸው መልስ ቤታቸውን ሲያሰናዱ፣ በልጅነታቸው ወላጆቻቸው ቤት የነበረውን ዓይነት ወንበር ፈለጉ፤ ክብ መቀመጫው በቀጭን ቢጫ ሽመና የተሞላ፣ መደገፊያው በቅስት የታጠፈ። ይህንኑ ለሻጩ ነገሩት። እርሱም ጊዜ አላጠፋም። «እናቴ፣ እንግዲያው እነዚህ እርስዎን ሲጠብቁ ነው የቆዩት። ፒያሳ ሲፈርስ ከአንድ የድሮ ነጋዴ ቤት ያወጣናቸው ናቸው፤ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የመጡ» አላቸው። ከዚያም አንዱን ወንበር ራሱ ብድግ አድርጎ ገለበጠና በመቀመጫው ክፈፍ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጭኖ የታተመውን፣ የታዋቂውን ወንበር ሠሪ የቶኔትን ስም አሳያቸው። ማህተሙ እውነተኛ ነው። የቀሩትን አምስቱን ግን ማንም አልገለበጣቸውም።

ስለ ፒያሳው ታሪክ አንድ ነገር ልበል። የፒያሳና የአካባቢው አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ከፈረሱ ወዲህ «ከፒያሳ የወጣ» የሚለው አነጋገር የሻጮች አፍ ማሟሻ ሆኗል። ከእነዚያ ቤቶች ጥሩ ዕቃ አልወጣም ለማለት አይደለም። ታሪኩ ለሻጭ የሚመቸው ግን ሊጣራ ስለማይችል ነው። ቤቱ የለም፣ ጎረቤቱ ሌላ ክፍለ ከተማ ገብቷል፣ እገሌን ጠይቁ የሚባል ሰው አይገኝም። እዚያ ተወልደው ላደጉ ሰዎች ያ ሰፈር አሁንም ቁስል ነው። ያንን ቁስል የወንበር ማሻሻጫ ማድረግ ከገንዘቡ በላይ አንገብግቦኛል። የሻጩን ታሪክ በትዕግሥት ስሙት፤ ነገር ግን ለታሪኩ አንድ ብር እንኳ አትጨምሩ።

ቅጂ የተሠራለት ወንበር በዓለም የታወቀ ነው። ሚካኤል ቶኔት የተባለው ጀርመን ተወላጅ የእንጨት ባለሙያ ቪየና ላይ ከልጆቹ ጋር ያቋቋመው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1859 «ቁጥር 14» የተባለውን ወንበር ለገበያ አቀረበ። ቢች የተባለውን ጠንካራ እንጨት በእንፋሎት አለስልሰው ነበር የሚያጥፉት። ወንበሩ ስድስት የእንጨት ክፍሎች፣ አሥር ብሎኖችና ሁለት ዳዶዎች ብቻ ነበሩት። ተፈታትቶ 36 ወንበር አንድ ሜትር ኩብ በሆነ ሳጥን ውስጥ ይገባ ስለነበር በመርከብ ዓለምን አዳረሰ። የድርጅቱ የፈጠራ መብት በ1869 ሲያበቃ ኮንን የመሳሰሉ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ ወንበር ማምረት ጀመሩ። ዛሬም ቼክ አገር ውስጥ ቶኔት በ1861 በከፈተው ፋብሪካ ከታጠፈ እንጨት ወንበር ይመረታል። ስለዚህ ቅርጹን አይቶ «ቶኔት ነው» ማለት አያስኬድም፤ ቅርጹን አይቶ «መቶ ዓመት አልፎታል» ማለትማ ጨርሶ አያስኬድም።

ወደ እትዬ ወንበሮች ልመለስ። በእውነተኞቹ ሁለቱ ላይ መደገፊያው ከአንዱ የኋላ እግር ተነስቶ፣ ከላይ ዞሮ፣ በሌላው የኋላ እግር እስከ ወለሉ የሚወርድ አንድ ወጥ እንጨት ነው። ጣታችሁን ከታች እስከ ላይ ብታሳልፉበት መገጣጠሚያ አታገኙም፤ የእንጨቱ መስመርም ከቅስቱ ጋር አብሮ ይዞራል። በአራቱ ላይ ግን ቅስቱ መታጠፍ ከሚጀምርበት ከትከሻው ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ጥፍር የሚይዝ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ሰጋቱራና ኮላ ተደባልቆ ተሞልቶበታል፤ ከላዩ ጥቁር ቡናማ ቀለም ተቀብቷል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ድፍድፉ ተፈረፈረ። የእንጨቱ መስመር ቀጥ ብሎ ይመጣና ቅስቱ ጋ ሲደርስ ይቆረጣል። ይህ ማለት እንጨቱ አልታጠፈም፣ ከጣውላ በመጋዝ ተቆርጦ ተቀጣጥሏል ማለት ነው። ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም። መስመሩ የተቆረጠ እንጨት ክብደት ሲያርፍበት የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው። በመልሱ ዕለት አንድ አዛውንት እንግዳ ወደ ኋላ ደገፍ ሲሉ ትከሻው ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። አጠገባቸው የነበረ ልጅ ደግፎ ያዛቸው እንጂ በጀርባቸው ነበር የሚወድቁት። እኔም ወንበሮቹን እንድመረምር የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሽመናውም ሌላ ጉድ ነው። እውነተኛው ሽመና ራታን ከተባለ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች በብዛት ከሚበቅል፣ እንደ ሐረግ ዛፍ ላይ ከሚወጣ የዘንባባ ዘር ቅርፊት ተልጦ የሚወጣ ነው። «ያው የእኛ ቀርከሃ ነው» የሚሏችሁን አትመኑ፤ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፣ ራታን ግን ድፍን ነው። የራታን ልጥ ከላይ ያብለጨልጫል፣ ከሥር ሻካራና ደብዛዛ ነው፣ እዚህም እዚያም የአንጓ ምልክት ይታይበታል። የአራቱ ወንበሮች ሽመና ከላይም ከታችም እኩል ያበራል፣ አንጓ የሚባል የለውም። ከሥር የተንጠለጠለች ትርፍ ቁራጭ ቆርጬ ክብሪት ሳስጠጋት አመድ አልሆነችም፤ ቀልጣ ጠብ አለች። ፕላስቲክ ነው። ሱቅ ውስጥ ክብሪት መጫር አይቻልም፣ ነገር ግን ጣታችሁን አርጥባችሁ የሽመናውን የታችኛውን ገጽ ንኩት። ራታን ውሃውን መጥጦ ጠቆር ይላል፣ ፕላስቲክ ላይ ውሃው እንደ ጠብታ ይቀራል። በዚያው ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ላዩን እሹት። በዕድሜ የመጣ ቡናማነት ጨርቅ ላይ አይወጣም።

ሽመናው ከክፈፉ ጋር የተያያዘበትንም መንገድ እዩ። በእጅ የተሸመነ ከሆነ በክፈፉ ዙሪያ ቀዳዳ በቀዳዳ ተደርድሮ ልጡ በየቀዳዳው ሲወጣና ሲገባ ታያላችሁ፤ አንድ መቀመጫ ለመሸመን ቀን ሙሉ የሚያስቆይ ሥራ ነው። ሌላው ዓይነት ተሸምኖ የመጣ ጨርቅ መሰል ሽመና ነው፤ በክፈፉ ዙሪያ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ገብቶ በቀጭን ዘንግና በኮላ ይጠበቃል። ሁለቱም ደህና ናቸው። በእትዬ ወንበሮች ላይ ግን ሽመናው በስቴፕል ተመትቶ በጌጥ ጥብጣብ ተሸፍኗል። በጣም ያሳዘነኝ እውነተኞቹ ሁለቱም ከዚህ አለመትረፋቸው ነው። ጥብጣቡን ሳነሳ በክፈፎቻቸው ዙሪያ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ስቱኮ ተሞልተው አገኘኋቸው፤ በላያቸው ያው ፕላስቲክ ተመትቷል። ያን ያህል ዘመን የቆየ ወንበር ላይ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ነውር ነው። ሁለቱ አሁንም ይድናሉ፤ ስቱኮው በጥንቃቄ ወጥቶ እንደገና ሊሸመኑ ይችላሉ፣ ወጪው ግን የእትዬ ሆኗል።

ብሎኖቹን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። «ጣሊያን ከመግባቱ በፊት» የተባለ ወንበር ሁሉም ብሎኑ ባለ መስቀል ከሆነ፣ ቢያንስ ለምን እንደሆነ ሻጩ ያስረዳችሁ። ለጥገና ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሁለቱ ቢቀየር ያለ ነው። አራቱም ወንበሮች ላይ ግን ባለ መስቀል ያልሆነ አንድም አልነበረም።

ነቀዝ የበላው የሚመስል ቀዳዳም ማስረጃ አይሁናችሁ። ነቀዝ እንጨት ውስጥ የሚሄደው እየተጠማዘዘ ነው፤ ቀጭን ሽቦ ብትከቱበት ብዙ ሳይርቅ ይቆማል። ሽቦው ቀጥ ብሎ ከገባና ቀዳዳዎቹ ሁሉ እኩል ከሆኑ በመሰርሰሪያ የተበሳ ነው። ቀዳዳው እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጥያቄው ነቀዙ አሁንም አለ ወይ የሚለው ነው። ወንበሩን ጋዜጣ ላይ መታ መታ አድርጉትና ዱቄት መሰል ነጣ ያለ ብናኝ ከወረደ ቤታችሁ አታስገቡት። ቢች ነቀዝ የሚወደው እንጨት ነው፤ ከአንዱ ወንበር ተነስቶ ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሁን ስለ ደረሰኙ። እትዬ ሲከራከሩ ሻጩ ያላቸው «እኔ የሸጥኩልዎት ወንበር ነው፣ ደረሰኙን ያንብቡት» ነው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ወንበር 6» ብቻ ነው። ዘመኑ፣ እንጨቱ፣ ሽመናው፣ ከየት እንደመጣ፣ ምንም የለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማ ለመሆኑ ኃላፊነት ያለበት መሆኑን ይገልጻል፤ ገዢው ግን ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ዕቃውን ለበዓል ብላችሁ ሸፍናችሁ አታስቀምጡት፤ ቤት በገባበት ዕለት መርምሩት። ከሁሉ በላይ፣ በአፍ የተነገራችሁ ሁሉ በደረሰኙ ላይ ወይም በተፈረመ ወረቀት ላይ ይስፈር፦ «ስድስት ወንበር፣ ሁሉም ከታጠፈ ቢች፣ ሽመናው ራታን፣ ከ1928 ዓ.ም. በፊት የተሠሩ»። የሚያምንበት ሻጭ ይጽፋል። ለመጻፍ እጁ ካጠረ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። እትዬ የስልክ መልእክቱን አለማጥፋታቸው በጀ፤ «ስድስቱም ኦሪጅናል ናቸው» ብሎ ራሱ የጻፈው አለ። አቤቱታው ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የገባው ከዚሁ መልእክት ጋር ነው።

ጥሩ የድሮ ወንበር አይግዙ እያልኩ አይደለም፤ እኔ ራሴ እወዳቸዋለሁ። ሽመናው ተበጣጥሶ ክፈፉ ጤነኛ የሆነ ወንበር፣ ሽመናው አዲስ ሆኖ ክፈፉ ከተሰነጠቀው በብዙ ይሻላል። የሚሸምንላችሁ ሰው መኖሩን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ዋጋውንም ጠይቃችሁ ከወንበሩ ዋጋ ጋር ደምሩት። ገዝታችሁ ስታስገቡ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁት። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ነው፤ ራታን ሲደርቅ ይሰባበራል። ከጥቅምት በኋላ አልፎ አልፎ የሽመናውን ታችኛ ገጽ በእርጥብ ጨርቅ አብሱት፤ ትንሽ የረገበውም ሲደርቅ መልሶ ይወጠራል። አምፖል ለመቀየር ማንም እንዳይቆምበት፤ እግር ያረፈበት ሽመና አይመለስም።

ነጋዴው በዚህ ሳምንት በቴሌግራም አራት ወንበርና አንድ ክብ ጠረጴዛ «ከፒያሳ የወጣ» ብሎ ለጥፏል። ፎቶዎቹ በሙሉ ከፊት ለፊት የተነሱ ናቸው፤ በየመቀመጫው ላይ ትራስ ተደርጎበታል። የእያንዳንዱ ወንበር የሥሩና የትከሻው ፎቶ እንዲላክልኝ ብጠይቅ «መጥተው ይዩ» የሚል መልስ ሰጥቶ የአንዱን ማህተም ብቻ ላከልኝ። ያው የእትዬ ወንበር ማህተም ነው፤ ከጎኑ ያለው ጭረት ሳይቀር አንድ ነው።