የኢምስ ወንበር፦ አዲስ ኮፒ ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል?

የኢምስን ላውንጅ ወንበር፣ ያንን ከታጠፈ እንጨትና ከቆዳ የተሠራ ታዋቂ መደገፊያ ወንበር፣ በተመለከተ የሚደውልልኝ ጓደኛ በዝቷል። አብዛኛው እዚሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቤት የገዛ ነው። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም፤ ኮፒውን ልግዛው?» እኔም መልሴ አይለወጥም። ኮፒውን ተዉት፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉ።

ከዋጋው እንነሳ። አሜሪካዊያኑ ዲዛይነሮች ባልና ሚስት ቻርልስና ሬይ ኢምስ ይህን ወንበር ያወጡት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ውስጥ ያኔም ሆነ ዛሬ የሚያመርተው ኸርማን ሚለር የተባለው የቤት ዕቃ ኩባንያ ነው። አዲሱ ከእግር ማሳረፊያው ጋር ከ6,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ደህና የተያዘ ያገለገለ ከ3,000 እስከ 4,500 ዶላር ይገኛል። ኮፒው ደግሞ ከ700 እስከ 1,500 ዶላር ነው። ኮፒው ርካሽ የሚመስለው ሂሳቡን እዚህ ላይ ካቆምነው ነው። ኦሪጅናሉን በ3,500 ገዝታችሁ ለዓመታት ተቀምጣችሁበት ብትሸጡት፣ በደንብ ከያዛችሁት አብዛኛው ገንዘባችሁ ይመለሳል። ኮፒውን ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ በነጻ ውሰዱ ብትሉም ፈላጊ አታገኙለትም።

አንድ ጓደኛዬ ኢንተርኔት ላይ በ1,100 ዶላር ኮፒ ገዛ። ማስታወቂያው «እውነተኛ ቆዳ» ይላል። እውነተኛ ቆዳው ሰውነት የሚነካው ፊቱ ብቻ ነበር። ጎንና ጀርባው ፕላስቲክ ነው፤ ሁለተኛው ክረምት ላይ መላጥ ጀመረ። ከዚያ ጀርባውን የያዘው ብረት ተሰነጠቀ። ሻጩ ስልክ አያነሳም። የኦሪጅናሉን መለዋወጫ ልንገጥምለት ብንሞክር የብሎኖቹ ርቀት አይገናኝም። ትራሱም ቢሆን ልኩ ስለሚለይ የሚተካ አልተገኘለትም። የኮፒ ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው፦ ሲበላሽ የሚጠገንበት መንገድ የለውም።

ፎርጂዱን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ኦሪጅናሉ የተዘረጋበት አንግል አይለወጥም። ጀርባው ወደ ኋላ የሚለቀቅ ወይም ከስር ማጥበቂያ ያለው ከሆነ ኮፒ ነው። የወንበሩ እግር አምስት ጣት ነው፣ የእግር ማሳረፊያው ደግሞ አራት። የጀርባው እንጨት ላይ ከውጭ የብሎን ራስ ካያችሁ አትግዙ። የመቀመጫውን ትራስ ነቅላችሁ እግር ማሳረፊያው ላይ ግጠሙት። ኦሪጅናሉ ላይ ልክክ ይላል። ከስር የተለጠፈውን የኸርማን ሚለር ምልክት ብቻ አይታችሁ ግን አትመኑ፤ ምልክት መለጠፍ ከባድ አይደለም።

ያገለገለ ስትገዙ ከምንም በላይ የምታዩት ጎማውን ነው። የወንበሩን ጀርባ ከመቀመጫው ጋር የሚያያይዙት ከውስጥ በማጣበቂያ የተለጠፉ ጎማዎች ናቸው። ስትደገፉ ትንሽ የሚያረግበው እሱ ነው። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። አንዱ ሲለቅ ክብደቱ ሁሉ ሌላው ላይ ይወድቅና ጀርባው ተገንጥሎ ሰው ይዞ ይወርዳል። አንዳንዴ ጎማው የኮምፔንሳቶውን ሽፋን ቦጭቆ ነው የሚወጣው፤ ያኔ ጥገናው ውድ ነው። ስለዚህ የክንድ ማሳረፊያውን ትራስ አውጡና ባትሪ አብርታችሁ እዩ። ጠርዙ የተሰነጠቀ ወይም እንደ ድንጋይ የደረቀ ጎማ ካለ፣ ለጥገና ጥቂት መቶ ዶላር ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። «መቼ ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሰላሳ ዓመት በላይ የቆየ ሆኖ ካልተቀየረ፣ ሳታስቀይሩ ማንም እንዳይቀመጥበት። ክንድ ማሳረፊያው ላይ መቀመጥ ደግሞ ለልጅም ክልክል ነው።

የቆዳው መጨማደድ አያስፈራችሁ። ቻርልስ ራሱ የፈለገው ብዙ ያገለገለ የቤዝቦል ጓንት ዓይነት ገጽታ ነበር። የተቀደደ ቆዳና ያለቀ ስፖንጅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ትራሱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ስለሚጠይቅ ዋጋውን በደንብ ያወርዳል።

እንጨቱን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ የብራዚል ሮዝውድ ናቸው፤ ደም ሥራቸው ያምራል፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ነገር ግን ይህ እንጨት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ስለታገደ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። አንድ ቀን ጠቅልላችሁ አገር ቤት ለመግባት የምታስቡ ከሆነ በዋልነት እንጨት የተሠራውን ምረጡ።

አዲሱን ግዙ የምለው ለረጃጅም ሰዎች ብቻ ነው። ቁመታችሁ ከ1.85 ሜትር ካለፈ የድሮው ልክ ጭንቅላታችሁን በደንብ አይደግፍም። ኸርማን ሚለር ለረጅም ሰው ሰፋ አድርጎ የሚሠራው አለ፤ ያገለገለ ሆኖ ግን እንደ ልብ አይገኝም። እሱን ከፈለጋችሁ የምስጋና ቀን ሰሞን ቅናሽ እስኪወጣ ጠብቁ። በዚህ ዋጋ ላይ ከመቶ አስራ አምስት እንኳ ቢቀነስ ቅናሹ ወደ አንድ ሺህ ዶላር ይጠጋል።