መጠይቅ ወይስ ቃለ መጠይቅ? የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነትን ለማጥናት

የሥልጠና፣ የዕድገትና የደመወዝ አሠራር ስንቱ ሠራተኛ ጋ እንደደረሰ ለመለካት መጠይቅ ይሻላል። የናሙና መጠን በሚሰላበት በያማኔ ቀመር፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ፣ ለ400 ሠራተኞች የ200 ናሙና ይበቃል፤ የማይመልስ ስለማይጠፋ ጨምሮ መበተን ነው። ትልቁ ጣጣ ግን ሌላ ነው፦ ስለ አሠራሩም ስለ ውጤቱም አንድ ሰው ብቻ ከመለሰ በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ተጋንኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አሠራሩን ከሰው ሀብት ክፍል፣ እርካታውን ከሠራተኛው፣ ከሥራ መቅረትንና መልቀቅን ከመዝገብ መውሰድ ያዋጣል።

ቅሬታ ለምን ታፍኖ እንደሚቀር ለማወቅ ቃለ መጠይቅ ይቀድማል። ጊዜ ይበላል፤ የ1 ሰዓት ቅጂን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ብቻ ከ4 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ተጠያቂዎቹን አለቃው ከመረጣቸው ደግሞ የሚሰበሰበው ምስጋና ነው። የማኅበር ተወካዩንና የቅርብ ኃላፊውን ለየብቻ፣ ከቢሮ ውጭ ማነጋገር ያስፈልጋል።